ሊቀ ባቡርና አልጋዬ ሥር ያለው ጣቢያ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት ያወራል፤ ሁለተኛው ስለ አንድ ነገር ብቻ ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል። ሁለተኛውን ዓይነት አላውቅም የሚል ካለ ራሱ ነው ማለት ነው። ስለ ንቦቹ ብቻ የሚያወራ አጎት፣ ስለ ኳስ ብቻ የሚያወራ የሥራ ባልደረባ፣ ስለ ጨጓራዋ ብቻ የምታወራ ጎረቤት የሌለው የታደለ ሰው የት ይገኛል? እንዲህ ያለ ሰው ፊት ስለ ዝናብ ብታነሱ፣ ዝናቡን በትሕትና ይቀበላችሁና ዞር አድርጎ ወደ ራሱ ጉዳይ ያስገባችኋል። ማምለጫ የለም።

ለእኔ የደረሰኝ የባቡር ነው። ድሬዳዋ ብሆን ኖሮ ዕጣዬ ነው ብዬ እቀበል ነበር። እኔን ያገኙኝ ግን መቀሌ ላይ ነው፤ ባቡር በሌለበት፣ የባቡር ፉጨት ተሰምቶ በማያውቅበት፣ "ይመጣል" ከተባለ ወዲህ ሕፃናቱ አድገው ዩኒቨርሲቲ በገቡበት ከተማ!

ክቡር ሊቀ ባቡር መምህር ገብረተንሳኤ አከራዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። "ሊቀ ባቡር" የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ ክህነት እንዳትሰማ። ፊት ለፊት ግን እንደ ሰፈሩ ሰው "አቦይ" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "ጓለይ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ እታገኝ እባላለሁ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥሬ ነው የመጣሁት። ዓዲ ሓቂ የሚባለው ሰፈር ለሥራዬ ቅርብ ነው ብዬ ክፍል ስፈልግ ተማሪው ቀድሞኝ ሁሉንም ይዞታል። በመጨረሻ አንድ ደላላ ሓድነት ወደሚባል ሰፈር አምጥቶ ከእሳቸው በር ላይ አቆመኝ።

ሌላ አከራይ ቢሆን "ባል አለሽ? እንግዳ ታበዣለሽ? ውሃ ታባክኛለሽ?" ይላል። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

"ባቡር ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ አዲስ አበባ። ከሃያ ሁለት እስከ ስታዲየም።"

ሰው የሞተብኝ ይመስል ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "እሱ ትራም ነው ጓለይ። ግድ የለም፣ ገና ልጅ ነሽ" አሉ። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴን ደፍኜ ነበር።

ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው። መጋረጃው ግን ግድግዳው ላይ በሚስማር ተቸንክሯል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት አልጋው ሥር ስላየሁት ነገር ነው። ግድግዳው ድመት የሚያሳልፍ ያህል ተቦርቡሮ፣ በቀዳዳው ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ጎን ለጎን ይገባሉ። አልጋው ሥር ትንሽ የእንጨት መድረክ አለች፤ ብረቶቹ እሷ ጋ ሲደርሱ ያበቃሉ። መድረኳ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰሌዳ ቆማለች፤ "መቐለ" ይላል፣ በሚያምር የመምህር ጽሑፍ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ጣቢያው ነው" አሉ፣ የመብራት ማብሪያውን የሚያሳዩኝ ያህል ረጋ ብለው። "ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊ። ሓዲዱ ላይ ግን ጫማ አታስቀምጪ። አቧራም አታስይዢው።"

ደላላው ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ። እኔም የማድርበት ስላልነበረኝ እሺ አልኩ። እንዲህ ሆኜ ነው ከሰው ሁሉ ተለይቼ ባቡር ጣቢያ ላይ የምተኛው።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። ከሓራ ገበያ ተነሥቶ መቀሌ ይገባል የተባለው ባቡር ሥራው ተጀምሮ መቆሙን አገር ያውቀዋል። መምህር ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ በኋላ "እስከዚያው" ብለው መሥመሩን በገዛ ግቢያቸው ዘረጉት። ሓራ ገበያ የአብዱልወዱድ ክፍል ነው። አብዱልወዱድ እንደ እኔ ተከራይ ነው፤ ልብስ የሚነግድ የወሎ ሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ሓራ አካባቢ ስለሆኑ ባቡሩ ከእሱ አልጋ ሥር እንዲነሣ ተፈረደ። ከዚያ በሳሎን በኩል ያልፋል፤ አላማጣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ መኾኒ ከቡፌው ጎን። ከዚያ በረንዳ ይወጣና መቀሌ ደጃፍ ላይ ካለችው ዓይናለም ይደርሳል። ዓይናለም ያለችው ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ነው። የከተማው ውሃ ከዓይናለም ጉድጓዶች ስለሚመጣ ቦታው ትክክል ነው ይላሉ። በርሜሉ ባዶ በሚሆንባቸው ሳምንታትም ትክክል ነው እላለሁ እኔ።

ሐዲዱ የመጋረጃ ብረት ነው። በቤቱ ውስጥ የቀረ የመጋረጃ ብረት የለም፤ የተቸነከረው መጋረጃ ምሥጢር እዚህ ጋ ተፈታልኝ። ባለቤታቸው አደይ ዝማም "የሰው ባል ከሴት ጋር ይሄዳል፣ የእኔው መጋረጃ ነቅሎ ሄደ" ይላሉ። ባቡሮቹ ደግሞ ከዘይት ቆርቆሮ ይቆረጣሉ፣ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር ይወጣላቸዋል፣ በተረፈ የበር ቀለም ይቀባሉ። አፍ አውጥቼ ባልነግራቸውም ያምራሉ። መስኮቶቻቸው፣ ደረጃዎቻቸው፣ የፊት መብራታቸው ሳይቀር ልቅም ያለ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱፋቸውን እንደለበሱ ባቡር ይነዳሉ። በዚያ ሰዓት "አሻንጉሊት" የምትለዋ ቃል በግቢው ውስጥ ክልክል ናት። አንድ ጊዜ ደሳለኝ የሚባል ባልደረባዬን ይዤ መጣሁና፣ ምስኪኑ ሊያመሰግን ብሎ "በጣም የሚያምር አሻንጉሊት ነው" አለ። መምህር ፈገግ አሉ። ሻይ ቀረበለት፣ ስኳር ግን አልቀረበለትም። ስኳር ሲጠይቅ "እሱ ለተሳፋሪ ነው" ተባለ።

ትልቁ ሕግ ግን ሌላ ነው። ባቡሩ ከሓራ ይነሣል፣ አላማጣን፣ መኾኒን ያልፋል፣ ዓይናለም ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ላይ ሐዲዱን አቋርጣ በሚስማር የተመታች እንጨት አለች። መምህር በአፋቸው ያፏጫሉ፣ "ዓይናለም!" ብለው ይጣራሉ፣ ከዚያም ባቡሩን አንሥተው ፊቱን ወደ መጣበት ያዞሩታል። መቀሌ አይገባም። እውነተኛው ሳይገባ የእሳቸው አይገባም። ስለዚህ እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ ባቡር ረግጦት የማያውቀውን ሐዲድ እወለውላለሁ። እናቴ በስልክ "ምን እየሠራሽ ነው?" ስትለኝ ምን ብዬ ላስረዳት? ቤት እያጸዳሁ ነው እላታለሁ።

ወሬያቸውን እንኳ ተዉት። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ ሟችን እያነሣ "አይ ሰው!" ሲል፣ ሊቀ ባቡር በለሆሳስ "ዘመዶቹ ከአላማጣ በጊዜ መድረስ ያልቻሉት እኮ ለምንድን ነው?" ይላሉ። ሠርግ ላይ ሙሽራው የሚመጣባቸው መኪኖች ሲዘገዩ "አንድ ፉርጎ ይበቃ ነበር" ይላሉ። ሚኒባስ በነዳጅ እጥረት ሲጠፋና ሰው መንገድ ዳር ሲሰለፍማ ሰልፉ ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ሊጠይቁኝ መጡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብለው ሳይጨርሱ ጎንበስ ብለው ጣቢያውን አዩት።

ከሁሉ የሚብሰው የውበት ክርክሩ ነው። ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ጎታቹ፣ ለእሳቸው እንደ ሰው መልክ አለው፤ ቆንጆ አለ፣ ፉንጋ አለ፣ ደም ግቡ አለ። በስልካቸው የዓለምን የባቡር ወዳጆች ቪዲዮ ሲያዩ ውለው፣ ቆንጆ ያሉትን በቆርቆሮ ይሠሩታል። አንደኛዋ ዳክዬዋ ናት፤ የእንግሊዞች ሰማያዊ ባቡር፣ አፍንጫዋ ተንሸራታች፣ በእንፋሎት ከሄዱት ሁሉ የፈጠነች። "አገር ያስናቀችን ፈጣን ባቡር ዳክዬ ብለው ሰየሟት፤ ወይ እንግሊዝ!" ይላሉ። ሁለተኛው አዞው ነው፤ የስዊዞች አረንጓዴ ባቡር፣ ከፊትም ከኋላም ረጅም አፍንጫ ያለው፣ በተራራ ላይ እየተጣጠፈ የሚወጣ። ሦስተኛዋ የአስመራዋ ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ናት፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ከምጽዋ ቁልቁለት ሽቅብ ሸክም የምትገፋ።

አብዱልወዱድ ግን አይዋጥለትም። "ወላሂ መምህር፣ ቆንጆ ማለት ያቺ የቻይናዋ የኤሌክትሪክ ናት። አፍንጫ የላት፣ ጭስ የላት፣ ዕቃ ግን ታደርሳለች!"

"ፍሪጅ ናት" ይላሉ መምህር።

"ፍሪጅ ትሁና! ፍሪጅ የጠላ ማን ነው?"

"ፍሪጅ አይናፈቅም፣ ወደይ። ፍሪጅ ናፍቆህ ያውቃል?" ይሉታል፤ "ወደይ" ማለት ልጄ ነው፣ ለወንድ።

አብዱልወዱድ ያስባል፤ ለመሸነፍ ስለማይፈልግ "በበጋ ናፍቆኝ ያውቃል" ይላል። እንዲህ እያሉ ምሳ ይቀዘቅዛል። አደይ ዝማም ከማድ ቤት "አዞውንና ዳክዬውን ወጥ ሠርቼ አቀርብላችኋለሁ" ብለው እስኪጮኹ ድረስ አይነሡም።

ከሁሉም ተለይታ መደርደሪያው ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ አንዲት አለች፤ ሊቶሪና። ክብ አፍንጫ ያላት፣ ከላይ ክሬም ከታች ቀይ የተቀባች፣ እሳቸው በሚያስታውሱት ቀለም። በውድድሩ አትገባም። "ሊቶሪና ሎኮሞቲቭ አይደለችም" ይላሉ ቆፍጠን ብለው። "ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ሌላ አትጎትትም። በሓዲድ የምትሄድ አውቶብስ ናት።" ይህን ሲሉ ግን በእጃቸው መዳፍ ጣሪያዋን እየጠረጉ ነው።

መምህር ያደጉት አስመራ ነው። አባታቸው ጣቢያው ውስጥ ይሠሩ ነበር። በልጅነታቸው ሊቶሪና ስትመጣ ለማየት ጣቢያው ጋ ተቀምጠው ሲጠብቁ ይውሉ እንደነበር የነገሩኝ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠን ነው። "መጀመሪያ ሓዲዱ ነው የሚነግርሽ" አሉኝ። "ጆሮሽን ብታስጠጊ ትሰሚያታለሽ፣ ገና ሳትታይ። ከዚያ ከኩርባው ፊቷ ብቅ ይላል። ያ ፊት! ሰው ሊቀበልሽ ሲመጣ ያለው ፊት ነው።" ከአስመራ ከወጡ ወዲህ ተመልሰው አላዩዋትም። መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ዕድሜ ሄደ። ስለዚህ ባቡሩ ወደ እሳቸው እንዲመጣ ይጠብቃሉ። ያን ቀን አላሾፍኩባቸውም። ሻዬን ብቻ ጠጣሁ።

በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ስልኩም መብራቱም ባንኩም በጠፋ ጊዜ፣ ባትሪ ከገበያ ሲጠፋ ባቡሯን በእጃቸው ይገፏት እንደነበር አደይ ዝማም አጫውተውኛል። "በልቶ ያላደረ ሰው በረንዳ ላይ ተንበርክኮ ቆርቆሮ ይገፋል! አብደሃል ብዬ አለቀስኩ። በኋላ አየሁት፤ ዓይናለም ደረሰ፣ ቆመ፣ መለሰ። ያኔም አላስገባትም" አሉኝ። ሰላም ከመጣ በኋላ ደግሞ "ሥራው ሊጀመር ነው አሉ" የሚል ወሬ በተነሣ ቁጥር ሱፍ ለብሰው ይወጣሉ። ወሬው ሲከስም ሱፉን ሰቅለው "እስከዚያው እንግዲህ" ብለው ቆርቆሮ ይቆርጣሉ። ሰውዬው ተስፋ መቁረጥ አይችሉበትም፤ ማን እንዳላስተማራቸው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንድ እሑድ እንደተለመደው ተሰብስበናል። መምህር መደርደሪያው ጋ ሄደው አንዱን አነሡና ከፍ አድርገው፣

"ዛሬ የምትሄደው ዳክዬዋ ናት!" አሉ።

የያዙት አዞውን ነበር።

ሰው የገዛ ልጁን በሌላ ልጁ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ያጋጥማል። መምህር ገብረተንሳኤ ግን አዞን ዳክዬ አይሉም! ድንጋይ ቢወድቅባቸው፣ ከእንቅልፍ ቢቀሰቀሱ፣ አይሉም። አብዱልወዱድ እኔን አየኝ፣ እኔ አደይ ዝማምን አየሁ። መምህር ዝምታው ገባቸውና በአውራ ጣታቸው ቆርቆሮውን ዳሰሱት፤ ረጅሙ አፍንጫ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"እየፈተንኳችሁ ነው" አሉና ሳቁ። "ተማሪ እንዲህ ነው የሚፈተነው።"

ሳቅን። አደይ ዝማም ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው ማድ ቤት ገቡ፤ ቆይቼ ስሄድ ምድጃው ፊት ቆመው እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። "ከክረምት ጀምሮ ከበር ይጋጫል" አሉኝ። "ቀለም ሲቀባ ከጎኑ ያለውን ቆርቆሮ ይደፋል። ብርሃኑ ነው ይለኛል። እባክሽ ጓለይ፣ አንቺን ይሰማሻል።"

ሰሙኝ ማለት ይከብዳል። ዓይን ሐኪም ጋ የወሰድኳቸው እየተነጫነጩ ነው፤ ሐኪሙንም ገና ወንበር ላይ ሳይቀመጡ "ባቡር ተሳፍረህ ታውቃለህ?" ብለው ጠየቁት። እሱ ግን ሲመረምራቸው ቆየና ነገሩን ለስለስ አድርጎ ነገረን። ግላኮማ ነው። የሄደው ብርሃን አይመለስም። የታዘዘው ጠብታ የቀረው የሚጠፋበትን ጊዜ ያዘገየው እንደሆነ ነው እንጂ ያስቀረዋል ብሎ ቃል አልገባም። ከጎን ከጎን እየጨለመ መጥቶ አሁን የሚያዩት በመሐል ቀጥታ ፊታቸው ያለውን ብቻ ነው።

"እንደ ዋሻ" አሉት መምህር።

"አዎ፣ እንደ ዋሻ።"

"ባቡር ዋሻ ይወዳል" አሉና ተነሡ። ደጅ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዙ፤ ይዘውኝ አያውቁም ነበር። ሓድነት እስክንደርስ በሚኒባሱ ውስጥ ስለ ባቡር አንዲት ቃል አልተናገሩም። ያን ያህል ደንግጬ አላውቅም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዝም እንዲሉልኝ ስንት ጊዜ የተመኘሁ ሰው "አቦይ፣ እባክዎ ስለ አዞው ያጫውቱኝ" ብዬ ለመንኳቸው። "ሌላ ቀን" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ለሁለት ተከፈለ። አብዱልወዱድና እኔ ዓይናቸው ሳይጠፋ ባቡሯ መቀሌ ትግባ ባዮች ሆንን። ምን ይጎዳል? እንጨቷን መንቀል ነው፣ ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ። ቢያንስ የሠሩትን ሲገባ ይዩት። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች!

"ውሸት አላስገባም" አሉ። "የምጠብቀው እውነተኛውን ነው። ቆርቆሮ አስገብቼ 'መጣ' ልበል? ራሴን ላሞኝ?"

"ኧረ በአላህ መምህር፣ ማን ይከስዎታል?"

"ሃይማኖት ነው ወደይ። የጠበቅሁትን ያህል ጠብቄ፣ መጨረሻ ላይ አልሰርቀውም።"

ተናደድኩ። እኔ ንዴቴ ቅርብ ነው። "ታዲያ ሳያዩት ሊቀር ነው እኮ!" ብዬ ጮኽኩባቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ መልሼ ልውጠው ብል የት ይገኛል። መምህር ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ "አዎ፣ ሊቀር ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ልጅ ሆነብኝ። "ሰው የሚጠብቀውን ሁሉ አያይም ጓለይ።"

አደይ ዝማም እስከዚያ ድረስ ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን ቁጭ አደረጉት።

"ገብረተንሳኤ" አሉ። በስማቸው ሲጠሯቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ሥዕሏን ተሳልመሃል?"

"እወ።"

"ሥዕሉ እንጨት ነው፤ ቀለም ነው። እመቤታችን ራሷ እስክትመጣ አልሳለምም ብለህ ታውቃለህ?"

መምህር ጉልበታቸውን ማሻሸት ተዉ።

"ውሸት ነው የተሳለምከው? ሞኝ ነህ? ሥዕሏን ሳምክ ብላ እሷ ትቀራለች?" ሰፌዱን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። "እኔም እኮ አብሬህ ጠብቄአለሁ። መጋረጃዬን ሰጥቼ ጠብቄአለሁ። አንተ ስታያት ማየት እፈልጋለሁ። ይኼን ብቻ።"

የጂኦግራፊ መምህሩ ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ በረንዳው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ የፒንሳ ድምፅ ሰማን፤ ሚስማር ከእንጨት ሲወጣ የሚያሰማው ያ ሲጥ የሚል ድምፅ። አብዱልወዱድ ሊያግዝ ብድግ ሲል አደይ ዝማም በእጃቸው አስቀመጡት።

የሚቀጥለው እሑድ ደረሰ። የቀረው ክርክር የትኛዋ ትግባ የሚል ነበር። አብዱልወዱድ የቻይናዋን፣ እኔ ዳክዬዋን ደገፍን። መምህር ከመደርደሪያው ብቻዋን የተቀመጠችውን አወረዱ።

"እሷ ሎኮሞቲቭ አይደለችም አላሉም እንዴ?" አልኩ፤ ቆንጆ አጋጣሚ አላሳልፍም።

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ውበት ሌላ፣ ናፍቆት ሌላ" አሉኝ።

ከዚያ አዲስ ነገር አመጡ። አልነዳም አሉ። "ነጂ ፊቷን አያይም። እኔ ስትመጣ ነው ማየት የምፈልገው።" በሱፋቸው፣ በተወለወለ ጫማቸው ክፍሌ ገቡ፤ ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ተኙና ራሳቸውን አልጋዬ ሥር አስገቡ፤ ዓይናቸውን ከግድግዳው ቀዳዳ ትይዩ አድርገው። የቀረችው ብርሃን በመሐል ቀጥታ የምታሳይ ናት፤ ባቡሯም የምትመጣው በመሐል ቀጥታ ነው። ሳስበው ለዚያች ጠባብ ዓይን የሚሆን ሥፍራ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። አደይ ዝማም አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፤ በአንድ እጃቸው ከአልጋው ጫፍ የወጣውን የባላቸውን እግር ያዙ።

አብዱልወዱድ ከሓራ "ቢስሚላህ!" ብሎ ሞተሯን ከፈተ። አላማጣን አለፈች። መኾኒን አለፈች። እኔ በረንዳ ላይ በርሜሉ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ልቤ ለምን እንደዚያ እንደሚመታ ባውቅ! የዘይት ቆርቆሮ ናት እኮ። ዓይናለም ደረሰች፤ እንጨቷ በነበረችበት ላይ ምንም እንዳልነበረ አለፈች፤ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ።

ሮጬ ክፍሌ ገባሁ። ከአልጋው ሥር ምንም አይሰማም።

"አቦይ?" አልኩ። "ደረሰች?"

አደይ ዝማም ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ። ያኔ ሰማሁት፤ ሊቀ ባቡር ያለቅሱ ነበር፤ እንደ ሽማግሌ ተደብቀው አይደለም፣ እንደ ልጅ፣ እየሳቁም ጭምር። "ፊቷ ነው" አሉ። "ዝማም፣ ፊቷ ራሱ ነው።" እኔም አለቀስኩ። ከበሩ የደረሰው አብዱልወዱድም አለቀሰ፤ አይ ጉንፋን ነው ብሎ ተከራከረ እንጂ።

የልማድ ነገር ሆኖብኝ "ልመልሳት?" አልኩ።

"ተይ" አሉኝ ከአልጋው ሥር። "ይህን ሁሉ ዓመት ከበር መለስናት። ትደር።"

እነሆ አድራለች። አሁን ክፍሉን የምንጋራው ሁለት ነን። የመምህር ብርሃን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠቧል፤ ጠዋት ጠዋት ግቢውን በእጃቸው እየዳሰሱ መጥተው በሬን ያንኳኳሉ፤ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ፀጉሬ ተንጨባሮ። "ከመይ ሓዲርኪ"፣ እንዴት አደርሽ፣ እንኳ አይቀድምም።

"ጓለይ፣ አለች?"

"አለች አቦይ" እላለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳላያት ግን መልሼላቸው አላውቅም።